ደብዛዛው ኦኖ

ቤቴ ውስጥ አንድ ቁም ሳጥን አለ፤ ልብስ ግን የለበትም። ሌንስ ነው የሞላው። ሚስቴ ፍሬርከ ልብሷን ወንበር ላይ እየከመረች መኖርን ለምዳለች፤ እኔም «በሚቀጥለው ሳምንት አስተካክለዋለሁ» ማለትን ለምጃለሁ። ስሜ ሩርድ ነው። የምተዳደረው የሆላንዷን ዙትፈን ከተማ ማዘጋጃ ቤት ዛፎችን በመከርከም ነው፤ ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ ግን ጉሮሮዬን ጠርጌ «ፎቶ አነሳለሁ» እላለሁ። ፎቶው የታለ ብላችሁ አትጠይቁኝ እንጂ፣ ስለ ማንሻው ዕቃ ከሆነ እስኪመሽ ላወራችሁ እችላለሁ።

መሰሎቼንም አላጣሁም። በየወሩ የመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት አይሰል ወንዝ ዳር ባለው የቀዘፋ ክበብ ቡና ቤት እንሰበሰባለን። ሥጋ ሻጩ ሲከ ከአሮጌ የቢሊያርድ ጠረጴዛ የተገፈፈ አረንጓዴ ጨርቅ ያነጥፍና ሁላችንም ሌንሶቻችንን እንዳይጫሩ ከከተትንባቸው ካልሲዎች እያወጣን እንደረድራለን። ደንቡ ቀላል ነው፤ የራስህን ታስቀምጣለህ፣ የሌላውን ለአንድ ወር ትዋሳለህ። ሲከ የሥጋ ሚዛኑን ከሱቁ ይዞ ስለሚመጣ ማንኛውም አዲስ ሌንስ መጀመሪያ ይመዘናል። «ይሄ እኮ ከበግ ጭን ይበልጣል!» ይላል በአድናቆት። እሱ ዘንድ የከበደ ነገር ሁሉ ጥሩ ነው። ጡረታ የወጣው የጂኦግራፊ መምህር ዮፕ ደግሞ ምላሱ ለማንም አይመለስም።

«ሩርድ፣ ይሄን ደግሞ ለምን ገዛኸው?» ይለኛል። «ያንኑ መጥፎ ፎቶ አጉልተህ ልታነሳው ነው?»

ቡናው ይቀዳል፤ ብስኩቱ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ይታደልና ቆርቆሮው ወዲያው ይከደናል። ሁለተኛ የጠየቀ ሰው እስኪሞት ስሙ ይነሳል። ከዚያ ወደ ሌንሱ እንመለሳለን።

አራተኛችን ኦኖ ነበር። ብስክሌተኛና እግረኛ በጀልባ ከዚህ ዳር ወደዚያ ዳር ሲያሻግር ያረጀ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ያለው አንድ ካሜራና አንድ ሌንስ ብቻ ነበር፤ እሱንም ሌንስ ዮፕ «የጠርሙስ ቂጥ» ይለው ነበር። ኦኖ ግን በየወሩ በክብር አውጥቶ ጨርቁ ላይ ያኖረዋል። ማንም አይወስደውም። ስንለያይ መልሶ ካልሲው ውስጥ ይከተዋል። እሱም ከእኛ ምንም ተውሶ አያውቅም። አንድ ቀን «ታዲያ ለምንድን ነው የምትመጣው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ብስኩቱ ጥሩ ነው» አለኝ።

ብስኩቱ ጥሩ አልነበረም።

ሌንስ ሲፈተሽ እንዲህ ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለ አንድ ነገር ላይ ታነጣጥራለህ። እሱ ጥርት ማለት አለበት። ከጀርባው ያለው ደግሞ መቅለጥ አለበት፤ የሌንሱ ክብር ያለው እዚህ አቀላለጡ ላይ ነው። አቀላለጡ ሲያምር «እርጎ ነው!» እንላለን። ኦኖ መስኮቱ አጠገብ ካለችው ወንበር አይነሳም ነበር፤ ብርሃን ያለው ደግሞ እዚያ ነው። ስለዚህ ሁላችንም ወደዚያ ነበር የምናነጣጥረው። «ኦኖ፣ ትንሽ ወደ ግራ» እንለዋለን፤ ይጠጋል። «አሁን ቀና በል» እንለዋለን፤ ቀና ይላል። ከዚያ «እርጎ ነው!» እያልን ካሜራውን እንቀባበላለን፤ ኦኖም ቡናውን ይጠጣል።

ባለፈው ኅዳር ተኝቶ ሳለ ልቡ ቀጥ አለ። ቀብሩ ላይ ሁለት ካሜራ አንግቼ ሄድኩና የሬሳ ሳጥኑን የነሐስ እጀታ ፎቶ አነሳሁ። ግሩም ሆኖ ወጣ፤ በእጀታው ላይ የሰማዩ ነጸብራቅ ሳይቀር ይታያል። ለፍሬርከ ባሳየኋት ጊዜ ቀኑን ሙሉ አላናገረችኝም።

በመጋቢቱ ስብሰባችን ላይ በሩ ተከፈተና አንዲት ቀጠን ያሉ ሴትዮ ገቡ። የኦኖ ባለቤት አሌይዳ ነበሩ። ከቀብሩ ቀን በቀር በቅጡ አይቻቸው አላውቅም። ባልየውን አንተ እያልኩ ኖሬ ሚስቱን አንቺ ለማለት ግን አንደበቴ እምቢ አለኝ። ኮታቸውን ሳያወልቁ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ፤ የኦኖ ወንበር መሆኑን እንኳ አላወቁም።

«የኦኖ ጓደኞች እናንተ ናችሁ አይደል?» አሉ። «አንድ ነገር ልለምናችሁ መጣሁ። የኦኖ ፎቶ የለኝም።»

«እንዴት ይሆናል?» አለ ዮፕ። «ካሜራ ከአንገቱ ወርዶ አያውቅም እኮ!»

«እሱማ ነው። ካሜራው እሱ አንገት ላይ ነዋ! ቤቱ ሙሉ የእኔ ፎቶ ነው፤ ቆሜ፣ ተቀምጬ፣ ድንች ስልጥ። የእሱ ያለኝ የመታወቂያው ብቻ ነው። እዚያ ላይ ደግሞ ብስክሌት ሲሰርቅ የተያዘ ነው የሚመስለው።»

ሳቅን። እሳቸውም ፈገግ ብለው ነበር፤ ወዲያው ግን ፊታቸው ተለወጠ።

«ፊቱ እየጠፋብኝ ነው» አሉ። «ዓይኔን ጨፍኜ ስፈልገው የሚመጣልኝ ያ የመታወቂያው ሰውዬ ነው። እኔ ያንን ሰውዬ አላገባሁትም። እናንተ ዘንድ የሚስቅበት አንድ አይጠፋም ብዬ ነው።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ራሴ ከተመለጠ ቆይቷል፣ አፌ ያመለጠኝ ግን ያን ቀን ነው። ብድግ አልኩና «ወይዘሮ አሌይዳ!» አልኩ፤ «የሚመጡበትን ቦታ አውቀው ነው የመጡት። አንድ ነው ያሉት? መቶ አመጣልዎታለሁ! የሚቀጥለው ወር ቅዳሜ እዚሁ ይምጡ።» እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እኔም ደረቴን ነፋሁ። ይህን ያህል ዘመን ለዕቃ የባከነው ጊዜዬ በመጨረሻ ለሰው ሊጠቅም ነው ብዬ ከልቤ ደስ አለኝ።

በማግስቱ እሁድ ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሬ ፊት ተቀመጥኩ። ኦኖ አለ። በሽ ነው። አንድ የቡና ስኒ ይታየኛል፤ እጀታው ላይ ያለችው ስንጥቅ ሳትቀር ቁልጭ ብላለች፤ ከጀርባው ኦኖ፣ ጭጋግ ሆኖ። የዮፕ ቁልፎች፣ ዝገታቸው ይቆጠራል፤ ከጀርባቸው ኦኖ፣ እርጎ ሆኖ። የመስኮቱ ደፍ ላይ ያረፈች ዝንብም አለች፤ ክንፏ ላይ ያሉት መስመሮች አንድ በአንድ ይታያሉ፤ ከእሷ ወዲያ አንድ ሮዝ ነገር ተቀምጧል፤ እሱም ኦኖ ነው። የዝንብ ጠንጋራ አውቃለሁ የምል ሰውዬ፣ ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ጓደኛዬ ላይ አንድ ቀን እንኳ አላነጣጠርኩም። አንድ ፎቶ ላይ ተስፋ አድርጌ ነበር፤ ኦኖ ቀርቦ ቆሟል፣ ከጀርባም አይደለም። አጉልቼ ሳየው የጠራው የሸሚዙ ቁልፍ ነው። ክሩ እንደላላ ሳይቀር ያስታውቃል። ከአገጩ በላይ ጉም ነው።

ፍሬርከ ከኋላዬ መጥታ ቆመች።

«ምን እየፈለግክ ነው?»

«ኦኖን።»

«የታለ?»

«ያውልሽ። ያ ደመናው።»

ብዙ አየችው። ከዚያ «የእኔስ አለህ?» አለችኝ።

ኮምፒውተሩን ዘጋሁት።

ለዮፕ ደወልኩ። «እኔ ዘንድ ወንበሩ አለ» አለኝ። «ኦኖ ሽንት ቤት ሲሄድ ያነሳሁት ነው። ወንበሩ በጣም ጠርቷል።» ለሲከ ደወልኩ። «እኔ ሲያስነጥስ አለኝ» አለ። ደስ ብሎኝ «ፊቱ ይታያል?» አልኩት። «ፊቱ እንኳ አይታይም» አለ፤ «መሐረቡ ግን ልዩ ነው።»

ያ ቅዳሜ ደረሰ። እኔ ከተሻሉት የተሻሉ ያልኳቸውን አሳትሜ በፖስታ ይዣለሁ። ሦስታችንም የቤት ሥራ ያልሠራ ተማሪ መስለን ተቀምጠናል። አሌይዳ መጡ። ፀጉራቸውን ተሠርተዋል፤ ዘቢብ ያለበት የፖም ኬክ ጋግረው ይዘዋል። ትልልቅ አድርገው ቆረሱልንና እጃቸውን በናፕኪን ጠርገው «እስቲ» አሉ።

የመጀመሪያውን ሰጠኋቸው።

«ይሄ… እዚህ ጋ ያለው… ኦኖ ነው» አልኩ።

«የቱ?»

«ከስኒው ጀርባ።»

ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት። ሁለተኛውን ሰጠኋቸው፤ ሦስተኛውን። እየተቀበሉ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣሉ። የጨነቀው ሲከ በጣቱ ወደ ፎቶው ጠቁሞ «እርጎ እኮ ነው!» አለ። ዮፕ ገላመጠው፤ ግን ካመለጠ አመለጠ።

«ምን ማለት ነው?» አሉ አሌይዳ።

ማስረዳት የእኔ ዕጣ ሆነ። ከፊት ያለው እንደሚጠራ፣ ከኋላ ያለው እንደሚቀልጥ፣ ኦኖ መልካም ሰው ስለነበረ ወደ ግራ ሲሉት ወደ ግራ እንደሚል፣ እየተንተባተብኩ ተናገርኩ። ሰምተው ሲጨርሱ እጃቸውን አጣጠፉ።

«ስለዚህ ይሄን ሁሉ ዘመን ባሌን እርጎ ስታደርጉት ነበር።»

ሲከ ሚዛኑን በጨርቁ ጥግ ሸፈነው።

«እሱ እኮ ቅዳሜ ጠዋት ፀጉሩን በውሃ አበጥሮ ነበር የሚመጣው» አሉ። «ሲመለስ ‹ጓደኞቼ ዛሬም ፎቶ አነሱኝ› ይለኛል። ያነሱህን አምጣና አሳየኝ ስለው ‹ጊዜ ሲያገኙ ይሰጡኛል› ይለኝ ነበር።»

እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ያ ሁሉ ሌንስ፣ ያ ሁሉ ክርክር፣ ያ ሁሉ ሚዛን ምን ሊጠቅመን ነበር? መሬት ብትከፈት ሌንሶቼን እንኳ ሳልሰበስብ እገባ ነበር። ዮፕ፣ ያ ምላሰኛው ዮፕ፣ አፍንጫውን በኬኩ ናፕኪን እየጠረገ ወደ ወንዙ ዞረ። «ይቅርታ ያድርጉልን» አልኩ። «ሌላ የለንም። አንድ ብቻ ቀርቷል፤ እሱም ያው ነው።»

«ስጠኝ» አሉ።

የስኳር ማስቀመጫ ላይ አነጣጥሬ ያነሳሁት ነበር። የስኳሩ ፍሬ ይቆጠራል። ከጀርባው የመስኮቱ ብርሃን አለ፤ ብርሃኑ ውስጥ የገረጣ ክብ ነገር አለ፤ ክቡ ውስጥ ሁለት ጠቆር ያሉ ቦታዎች፣ ከሥራቸውም አንድ ሰፊ ነገር። አሌይዳ አዩት፤ ሊያስቀምጡትም ነበር። ከዚያ ምን እንዳሰቡ እንጃ፣ መነጽራቸውን አወለቁ። እጃቸውን ዘርግተው ፎቶውን ራቅ አድርገው ያዙት።

«እሱ ነው» አሉ።

ሦስታችንም ተያየን።

«ሁልጊዜ ከእኔ ቀድሞ ነበር የሚነሳው» አሉ፣ ዓይናቸውን ከፎቶው ሳይነቅሉ። «ሻይ ይዞልኝ ይመጣና አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ይላል። እኔ ያለ መነጽር ምንም አላይም፤ እሱ ደግሞ መነጽሬን ስዳብስ ማየት ይወዳል፣ ይስቅብኛል። ሳቁ ድምፅ የለውም። እየሳቀ መሆኑን የማውቀው አልጋው ሲንቀጠቀጥ ነበር።» በአውራ ጣታቸው የፎቶውን ጠርዝ አሹት። «ጠዋት ጠዋት የማየው ፊት ይሄ ነበር። ልክ ይሄ።»

ዮፕ «በየትኛው ሌንስ ነው…» ሊል አፉን ሲከፍት ሲከ ከጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጠው።

«ይሄን አጉልተህ አሳትምልኝ» አሉኝ አሌይዳ።

«ወይዘሮ አሌይዳ፣ ይሄ እኮ የተበላሸ ፎቶ ነው…»

«ምንም አልተበላሸም። የስኳሩን ዕቃ ብቻ አውጣልኝ፤ ፊቱን ጋርዶብኛል።»

ቤቴ ሄጄ ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ያ የስኳር ዕቃ በሕይወቴ ካነሳሁት ነገር ሁሉ ጥርት ብሎ የወጣው እሱ ነበር። ከታች ቆርጬ ጣልኩትና የቀረውን በትልቁ አሳትሜ ወሰድኩላቸው።