ቁልፍ የሌለው የእድራችን ድረ ገጽ

ማንበብ አልችልም። በወጣትነቴ ከአዲ አርቃይ ወደ ጎንደር ምስጢር ያለበት ደብዳቤ የሚያስይዙኝም ለዚሁ ነበር።

ዘንድሮ ጎንደር አጠገብ ፀዳ ከተማ ያለው እድራችን ድረ ገጽ አወጣና፣ የታመመ ሁሉ ሕመሙን እዚያ ይጻፍ ተባለ። እኔ የባለቤቴን ሕመም አላስጽፍም አልኩ። ኮምፒውተር የምትጠግነው ጎረቤቴ ትርንጎ፣ ገጹ የሚላከውን የሚሰውር ቁልፍ ስለሌለው ከላኪው ጋር በአንድ ዋይፋይ ላይ ያለ ሰው የተላከውን ሊያነበው እንደሚችል ነግራኛለች። ቅዳሜ ስብሰባ ላይ ይህንኑ እናገራለሁ ብዬ ቆረጥኩ።

የእድሩ ሊቀመንበር ሊያግባባኝ ሻይ ቤት ጠራኝ። የተማረ ነው፤ ኪሱ ላይ ሦስት እስክሪብቶ ይሰካል፣ ሲጽፍባቸው ግን አይቼ አላውቅም። እኔም ትርንጎን ይዣት ሄድኩ፤ ኮምፒውተሯን ከፍታ ከሻይ ቤቱ ዋይፋይ ጋር አገናኘችና ከጎናችን ተቀመጠች።

«አያ ተሰማ፣ ምነው እንዲህ ፈሩ? የኛን የሰፈር ገጽ ማን ጉዳዬ ብሎ ያየዋል? ቁልፍ ለባንክ ነው።»

«ደጄን የምዘጋው ወርቅ ስላለኝ ነው?» አልኩት።

ሳቀብኝ። «ይኸው፣ አሁን በዚሁ በሻይ ቤቱ ዋይፋይ፣ በገጹ ለጸሐፊያችን እልካለሁ። ማን እንደሚያነበው እናያለን።»

ማንበብ እንደማልችል ስለሚያውቅ ስልኩን እንኳ አልሸሸገኝም። ጽፎ ላከና ሻዩን አነሳ።

«ትርንጎ፣ አየሽው?»

«አየሁት፣ አያ።» ድምጿን ሳትቀንስ አነበበችው፤ «‹ይህ መሃይም ሽማግሌ ሊያስቸግረን ነው። ስብሰባውን ወደ አርብ አምጣው፣ ለሱ ግን እንዳትነግረው።›»

ሊቀመንበሩ ስልኩን ኪሱ ከተተው።

«አርብ በስንት ሰዓት ነው?» አልኩት።