አራተኛው መስመር

አክስቴ ራፊቃ እዚህ ቱኒዚያ፣ ስፋክስ ከተማ ውስጥ የወይራ ዛፍ ነው የምታጠናው። ጎረቤቶቻችን "ራፊቃን ወይራ ነው ያገባት" እያሉ ይስቁባታል። እኔ ፀጉር ሠሪ ነኝ፤ ትምህርቴን ስድስተኛ ላይ ነው ያቆምኩት። ግን ፀጉሯን ስሠራት ስለምታወራልኝ ሥራዋን በቃሌ ይዤዋለሁ! ጂን ማለት ትእዛዝ ነው። ትእዛዙን የሚያደርሰው መልእክተኛ አርኤንኤ ይባላል። ታዲያ ደቃቃ አርኤንኤዎች ደግሞ አሉ፤ መልእክተኛውን መንገድ ላይ ይዘው ዝም የሚያሰኙት። ሌላው ተመራማሪ እንደ ቆሻሻ ከእጣቢው ጋር ይደፋቸው ነበር። እሷ እጣቢውን አስቀመጠች! ወይራው በድርቅ ጊዜ እድገቱን የሚያቆመው በነሱ እንደሆነ አገኘች። አስራ አንድ ዓመት ፈጀባት።

ሳብሪ ተማሪዋ ነበር። ቤታችን ነው የሚበላው፣ "ማማ ራፊቃ" ነው የሚላት። ኋላ ወደ ሌላ ፕሮፌሰር ሲዞር እንኳን የሥራ ደብተሯን አዋሰችው።

ተማሪ የዶክትሬት ጥናቱን በሚያቀርብበት ቀን ጣፋጭ የሚያመጣው ቤተሰብ ነው፤ ወጋችን ነው። እናቱ ሩቅ ስለሆነች መቅሩድ የሚባለውን ጣፋጭ አክስቴ ራሷ ተምር ሞልታ ጠበሰችለት። ትሪውን እኔ ተሸክሜ ገባሁ።

ሳብሪ አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ደቃቃዎቹ ሲያወራ ስሟን አልጠራም። አንዴም! ከዛ ግድግዳው ላይ አንድ የአርኤንኤ ምርመራ ፎቶ አበራ። ስድስት መስመር አለው፣ ለእያንዳንዱ የናሙና ብልቃጥ አንድ፤ ሌሎቹ ጥርት ያሉ ናቸው፣ አራተኛው ግን ጭስ የመሰለ ነው። አክስቴ ክንዴን ጭምቅ አደረገችው።

"ሳብሪ፣ ልጄ፣ አራተኛው ምን ሆኖ ነው?"

"ደቃቃዎቹ መልእክተኛውን ሲቆራርጡት ነው፣ ዶክተር። ትልቁ ግኝቴ እሱ ነው።"

"እሱ የኔ የእጅ ላብ ነው። እናቴ የሞተች ዕለት ስልክ ላነሳ ጓንቴን አወለቅኩ፤ መልሼ ሳላደርግ አራተኛውን ብልቃጥ ነካሁት። ላብ አርኤንኤን ይበላዋል። ደብተሩ ላይ ጽፌዋለሁ እኮ!"

"የቱ ደብተር?" አለ፣ ዓይኗን እያየ።

የፈታኞቹ ሰብሳቢ ወደ አክስቴ ዞረ። "ሌላ ማስረጃ አለዎት፣ ዶክተር?"

ደብተሩ እሱ ጋ እንደቀረ ነው። ሳብሪ አለፈ፤ ያውም በከፍተኛ ማዕረግ! አዳራሹ በእልልታ ተናጋ።

ከዛማ ምንም እንዳልሆነ እየሳቀ መጣ። "ማማ ራፊቃ፣ አንቺ መቼም በኔ አትቀየሚም" ብሎ ወደ መቅሩዱ እጁን ዘረጋ።

አክስቴ ትሪውን ከእጄ ነጠቀችኝ።

"መጀመሪያ ጓንት አድርግ" አለችው።

ቀልድ መስሎት ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። አንድም መቅሩድ ሳይነሳበት፣ ትሪውን እንዳለ ይዘን ወጣን።