ጦይባና የመምህሩ ዓሣ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ የምታሳድገው ዓሣ አልንቀሳቀስ አለ። ቤታ ይሉታል አለችኝ፤ ቀይ ነው፣ ክንፉ ከገላው ይረዝማል። እንዳመጣችው ሰሞን ውሃውን ሲያተራምስ ይውል የነበረው ፍጡር ከሥር ተጋድሞ ይውል ጀመር። ልጅቷ ስልኳን አወጣችና ምክንያቱን ፈለገች። «እማማ፣ ወይ ውሃው ቀዝቅዞበታል፣ ወይ ምግብ በዝቶበታል ይላል» ብላ አነበበችልኝ። ተነስቼ ወደ በረንዳ ወጣሁ። ሁለቱንም ምክንያት ከስልኳ በፊት አውቃቸዋለሁ። አንደኛው እናቴ የፈጠረችው ውሸት፣ ሁለተኛው ደግሞ እውነት ነበር።

ንጉሡ በወረዱበት ዓመት መካነ ሰላም ውስጥ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። አባቴ ሞቷል፤ እናቴ ጨው፣ ላምባና ሳሙና በምትሸጥባት ጠባብ ሱቅ ነው የምንኖረው። ከጓሮ ያለችውን ክፍል ለአስተማሪ እናከራያለን። የዚያን ዓመት ተከራያችን መምህር ግርማ ይባላል፤ ሳይንስ የሚያስተምር፣ ቀጭን፣ ለሁሉ ነገር ምክንያቱን ካልተናገረ እህል የማይወርድለት ሰው። ከአዲስ አበባ ሲመጣ፣ ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ ፈረንጅ የተወለትን ዓሣ በትልቅ ብርጭቆ አቅፎ ነበር ከአውቶቡስ የወረደው። የያኔውን መንገድ የሚያውቅ ይፍረደው፤ ከደሴ እኛ ድረስ ያለው ኮረኮንች የሰው አንጀት ያላውሳል። ዓሣው ግን ደህና ገባ።

የከተማው ሰው መሳቂያ አደረገው። «አገር በጠኔ እያለቀ መምህሩ ዓሣ ይቀልባል» አሉ፤ እውነታቸውንም ነበር። እሱ ግን ጆሮ አልሰጣቸውም። የሞቃት አገር ዓሣ ስለሆነ ብርድ አይችልም ብሎ እናቴን ለመነና ከማድቤታችን መደርደሪያ ላይ፣ ከምድጃው አጠገብ አስቀመጠው። ጠዋት ጠዋት ከጥፍር የማትበልጥ የእንቁላል አስኳል ጣል ያደርግለታል፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ማግስቱ ምንም የለም።

ጦይባ ቤታችን የገባችው ከዚያ በፊት፣ ክረምቱ ሳይከብድ ነው። እናቴ ዕቃ ልታመጣ ወረኢሉ ወርዳ ስትመለስ ይዛት መጣች። ዕድሜዋ ከእኔ እኩል ነበር፤ የመጣችው ግን ከወዲያ፣ ከቆላው፣ ዝናቡ ጨርሶ ከተዋቸው አገር ነው። እናትና አባቷ ቤታቸው ውስጥ ሞተዋል። ትንሽ ወንድሟን አዝላ እስከ ወረኢሉ ደርሳ፣ እሱ እዚያ ቀረ። እናቴ የሙስሊም ልጅ ናት ብላ ሥጋዋን ከጎረቤታችን ከእትዬ ዘሐራ ቤት ታመጣላት ነበር፤ ሽሮውን ግን ጾምም ሆነ ፍስክ ከአንድ ገበታ እንበላለን።

ጦይባ ስለ ወንድሟ ለጠየቃት ሁሉ የምትናገረው አንድ ነገር ነበር። «አንዲት የአላህ ሰው ገንፎ በቅቤ አርጋ በገበታ ሰጠችን። እኔ ቀመስኩና ለሱ ተውኩለት። በቃኝ ሲል በሞቴ፣ አፈር ስሆን እያልኩ አጎረስኩት። ሲመሽ ሞተ። አልሐምዱሊላህ፣ ወንድሜ ጠግቦ ነው የሞተ።» በዚያ ዘመን ጠግቦ የሞተ ዘመድ ያለው ሰው ጥቂት ነበር። ሴቶቹ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ «ታድሎ» ይሏታል። እሷም በዚያች ቃል ትጽናና ነበር፤ ሌላ የሚያጽናናት ነገር አልነበራትማ።

ኅዳር ላይ፣ ውጭ ያደረ ውሃ ጠዋት በረዶ ለብሶ በሚገኝበት ሰሞን፣ ዓሣው ፈዘዘ። በመጀመሪያ መዞሩን ተወ፣ ቀጥሎ ከብርጭቆው ሥር ተጋደመ። መምህር ግርማ ምክንያቱን ካላገኘሁ ብሎ ተነሳ። ላምባው ሸትቶት ይሆናል ብሎ የሱቁን በር አስዘጋን። ውሃው ይሆናል ብሎ ከምንጭ አስቀድቶ ለብ አድርጎ ቀየረለት። እትዬ ዘሐራ «ዓይን በልቶት ነው እንጂ፤ ይኸ ሁሉ ሰው እየመጣ ሲያፈጥበት» አለች። እኔም በበኩሌ ብቸኝነት ነው ብዬ መስታወት አቆምኩለት። ዓሣው ዞሮም አላየው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መምህሩ ብርጭቆውን ወደ በሩ ብርሃን አመጣው። የዓሣው ሆድ ተነፍቶ ነበር፤ ከሥሩም ያበጠ የዳቦ ፍርፋሪ ተከምሯል።

«ማነው የሚያበላው?» አለ።

«እኔ ነኝ መምህር» አለች ጦይባ። አላፈረችም፤ እንዲያውም ኩራት ብጤ ነበረባት። «ከድርሻዬ እየቆነጠርኩ ነው። እርስዎ በቀን አንዴ ብቻ እየሰጡት በረሃብ ሊሞትብዎት ነበር እኮ! ርሃብ ሲገባ እንዲህ ነው፤ ዝም ያሰኛል፤ ዝንብ እንኳ እሽ አያሰኝም። እኔ አውቀዋለሁ፤ ዝም ባለ ቁጥር እጨምርለታለሁ።»

የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም ይባላል። ጦይባ ደግሞ የጠገበ ፍጡር በምድር ላይ ያለ አይመስላትም ነበር።

መምህር ግርማ አልተቆጣም። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እንደ ልማዱ ማስረዳት ጀመረ። «አየሽ ጦይባ፣ ሆዱ ጠባብ ነው። ብዙ ሲበላ ይታመማል። ሰውም ቢሆን ያው ነው። ብዙ ቀን ተርቦ የከረመ ሰው በአንድ ጊዜ ጠግቦ ከበላ ይሞታል። መጠለያ ውስጥ በማንኪያ እየለኩ የሚሰጡት ለምን ይመስልሻል?»

እናቴ ከሱቁ ብቅ ስትል ይህን ሰማች። እጇን አፏ ላይ ስትጭን አየኋት፤ መምህሩ ግን ጀርባውን ሰጥቷት ነበር።

ጦይባ ብርጭቆውን አስጠግታ የተከመረውን ፍርፋሪ አየች። ከዚያ ቀስ ብላ «ገንፎም ቢሆን?» አለችው።

«ገንፎማ ይብሳል፤ ያውም ቅቤ ካለው» አለ፤ ጥያቄው ከየት እንደመጣ አላወቀም።

ጦይባ አላለቀሰችም። እዚያው ከምድጃው አጠገብ ተቀመጠች። እራት ሲቀርብ እጇን አልዘረጋችም፤ በማግስቱም እንዲሁ። እናቴ ልታጎርሳት እጇን ስትዘረጋ ፊቷን አዞረች። በዚህ ከቀጠለች ልጅቷን ልናጣት እንደሆነ ለእኔም ገባኝ። እናቴ መምህሩን ጓሮ ጠርታ የወንድሟን ነገርም፣ ምን ማለት እንዳለበትም ነገረችው። ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

ዓሣው በዚያው ቀን ሞተ። መምህር ግርማ ሁላችንንም ሰብስቦ፣ ብርጭቆውን እያየ እንጂ ጦይባን እያየ ሳይሆን፣ «ተሳስቼ ነበር» አለ። «ሆዱን ከፍቼ አየሁት። የገደለው ብርድ ነው፤ ምግቡ አይደለም።» ውሸት መናገር የማይችል ሰው ነበር፤ ላቡ በዚያ ብርድ ግንባሩ ላይ ይታይ ነበር።

እናቴ ቶሎ ብላ ቃሉን ተቀበለችው። «ወንድምሽንም እኮ የመታው ብርድ ነው፣ ልጄ። የቆላ ልጅ በባዶ ገላው ወረኢሉን ይችላል? ያጎረስሽውማ ሲያሞቀው ነበር።»

ጦይባ ሁለቱንም በየተራ አየቻቸው። «እሺ እትዬ» አለችና ተነስታ ብርጭቆውን ልታጥብ ሄደች። ማታ እራት በላች። እናቴ እፎይ አለች፤ እኔም አልኩ። ግን ከዚያ ቀን በኋላ፣ ማንም ቢጠይቃት፣ ወንድሜ ጠግቦ ነው የሞተ ስትል አልሰማኋትም።

ለፋሲካ አጎቷ አፈላልጎ አገኛትና ወደ ኮምቦልቻ ወሰዳት። መምህሩም ከዘማቾች ጋር ሄደ። ሁለቱንም ዳግመኛ አላየኋቸውም። እናቴ በስተርጅና ስትታመም፣ ሌላ ነገር እያወራን ሳለ ድንገት «ያች ልጅ አምናኝ ይሆን?» አለችኝ። ማንን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። «አምናሻለች» አልኳት።

በዚያ ዓመት ሬዲዮው ከጠዋት እስከ ማታ ሕዝብ ያስጨረሰውን ወንጀለኛ ይፈልግ ነበር። ሰልፉም፣ ዘፈኑም፣ ፎከራውም ስለዚያ ነው። እኛ ማድቤት ግን አንዲት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ማንም ሳይከሳት ጥፋቱን ለብቻዋ ወሰደችው፤ እኛም ጥፋቱን ከላይዋ ለማንሳት ያገኘነው ብርድን ብቻ ነበር። እናቴን አልወቅሳትም፤ ልጅቷን እህል አስቀምሳታለች። ዛሬ ግን ጦይባ በሕይወት ካለችና ባገኛት ስለ ብርድ አላወራትም። አዎ፣ ገንፎው ነው እላታለሁ። አንቺ ግን ያጎረስሽው እህት ስለሆንሽ ነው፤ የገደለውማ፣ አንድ ገበታ ገንፎ የሚገድለው እስኪሆን ድረስ ያስራበው ነው እላታለሁ። ይህን የሚላት አንድ ሰው ያኔ ከመካከላችን አልተገኘም።