የጡት አባቴ አውራ ጣት

ትዕግሥት የለኝም። የሚያውቁኝ ሁሉ ይመሰክራሉ፣ እኔም አልክድም። ከስድሳ ስድስቱ ለውጥ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ደግሞ ብሶብኝ ነበር። ያኔ አዲስ አበባ ውስጥ በንግድ ሥራ አመራር ለዲግሪ እማር ነበር። በትምህርቱ ማብቂያ ላይ ክፍላችን በሙሉ ዩጎዝላቪያ ሄዶ፣ ሠራተኞች ሥራ አስኪያጃቸውን ራሳቸው የሚመርጡባቸውን ፋብሪካዎች እንዲጎበኝ ተወስኗል። ስለዚያ አገር ኢኮኖሚ እጄ የገባውን ወረቀት ሁሉ አንብቤአለሁ። የቀረኝ አንድ ወረቀት ብቻ ነበር። ርስት ያለው የአገሬ ሰው እንደምመለስ ዋስ ሆኖ፣ ወልድያ ካለ አንድ መሥሪያ ቤት ቀርቦ የሚፈርምበት ቅጽ ነው። ያ ቅጽ ማክሰኞ ጠዋት አዲስ አበባ ካልደረሰ ስሜ ከተጓዦቹ ዝርዝር ይሰረዛል።

ለማንም ያልነገርኩት ነገር ነበረኝ። ከእኛ በፊት ለትምህርት የወጣ ጓደኛዬ፣ ከዩጎዝላቪያ ወደ ሌላ አገር መሻገር ቀላል እንደሆነና ሥራም እንደሚያገኝልኝ ጽፎልኛል። ደብዳቤውን በኮቴ የውስጥ ኪስ ይዤ እዞር ነበር። እቀራለሁ ብዬ አልወሰንኩም፣ እመለሳለሁ ብዬም አልወሰንኩም። ቢያንስ ለራሴ የምለው እንደዚያ ነበር።

ዋስ እንዲሆኑኝ ያሰብኳቸው የጡት አባቴን ነው። የመርሳ ሰው ናቸው፣ ሙስሊም ገበሬ። እናቴ እኔን ወልዳ ስትታመም ባለቤታቸው ከልጃቸው ጋር አጠቡኝ፤ ከዚያ ወዲያ በአገራችን ደንብ የእሳቸውም ልጅ ሆንኩ። ክርስቲያን መሆኔን አንድም ቀን ጉዳይ አድርገውት አያውቁም። አባቴ ከሞተ በኋላ ደግሞ፣ ትምህርት ቤት ሲከፈት ወልድያ ድረስ በእግራቸው ወስደው የሚያስመዘግቡኝ እሳቸው ነበሩ።

አውቶቡሱ ውርጌሳን አልፎ መርሳ ያወረደኝ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነው። ጉዳዬን ገና ሳልጨርስ እሺ አሉ። ሐሙስ ጠዋት ልንሄድ ነዋ ብዬ ደስ አለኝ። ለካስ ለሐሙስ ማሽላ የሚወቃ ደቦ ጠርተዋል። ሰው ጠርቼ ጥዬ ልሂድ ወይ አሉኝ፤ እኔም በከተማ ሱሪዬ ዱላ ይዤ ማሽላ ስወቃ ዋልኩ። ስለ ጊዜ አጠቃቀም የጻፍኩት ወፍራም ጥናት ሻንጣዬ ውስጥ ነበር።

ዓርብ ጁምዓ ነው። በጠዋት ወጥተን ሶላቱን ወልድያ ይስገዱ ብዬ ለመንኳቸው። በድንበር የተጣሉ ሁለት ጎረቤታሞችን ሊያስታርቁ ቀጠሮ አለባቸው። ታራቂዎቹ ደግሞ ለመታረቅ አልቸኮሉም፤ የአንዱ አያት የተከለው ዛፍ ሳይቀር ተነሣ። እኔ ከአጥሩ ጥግ ቆሜ ጥፍሬን እበላ ነበር። ሁሉም ሰው ደህና፣ ሁሉም ሰው ጨዋ፣ እኔ ብቻ ልፈነዳ።

ቅዳሜ ጤፍ በጫነ መኪና ላይ ተሳፈርን። ሾፌሩ እጁን ላነሣ ሁሉ ይቆማል፤ የጡት አባቴም የሚሳፈረውን ሁሉ ከነከብቱ፣ ከነልጁ ደህንነት ይጠይቃሉ። ወልድያ ስንደርስ አምስት ሰዓት አልፏል፣ መሥሪያ ቤቱ ስድስት ሰዓት ይዘጋል። እየሮጥኩ ገባሁ፤ እሳቸው እርምጃቸውን እየቆጠሩ ተከተሉኝ።

ጸሐፊው ወጣት ነው፣ ትሑትም ነበር። ለሽማግሌው ወንበር ስቦ ቅጹን አነበበላቸው። ተማሪው ጊዜውን ሲጨርስ ያለ አንዳች ማመካኛ እንደሚመለስ አረጋግጣለሁ፣ ባይመለስ በርስቴ እጠየቃለሁ ይላል። የጡት አባቴ ስለ ርስቱ ምንም አላሉም። አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ጫን አድርገው አነሡና፣ ወረቀቱ ላይ ከማሳረፋቸው በፊት «ኢንሻላህ የሚለው የታለ?» ብለው ጠየቁ።

ጸሐፊው እንደሌለ ነገራቸው። ጨምርበት አሉት። ቅጹ የታተመ ስለሆነ አንድ ቃል ከተጨመረበት ከአዲስ አበባ እንደሚመለስ አስረዳቸው። እሳቸውም የነገውን አረጋግጣለሁ ብሎ መፈረም ከፈጣሪ ጋር መጋፋት እንደሆነ አስረዱት። ሁለቱም ልክ ነበሩ፣ ሁለቱም በትሕትና ተናገሩ፤ የግድግዳው ሰዓት ግን ይሄዳል። እኔ ጣልቃ ገባሁ። ድምፄም ሳይጮህ አልቀረም።

«አባዬ፣ ወረቀት እኮ ነው። በልብዎ ይበሉት።»

«ወረቀት ብቻ ከሆነ ጣቴን ለምን ፈለገው?» አሉኝ።

አንድ ቃል ነው። ለዚህ ቅጽ ብዬ ከአዲስ አበባ ሁለት ቀን ተጉዤ መጥቻለሁ፣ ማሽላ ወቅቻለሁ፣ የሰው አያት የተከለውን ዛፍ ታሪክ ሰምቻለሁ። ያን ጊዜ ጠላኋቸው ብል አልዋሽም። ጸሐፊው ሰዓቱን አየ። እሳቸው ቀለም የነካ ጣታቸውን እንዳይነካካባቸው ከጉልበታቸው ከፍ አድርገው ይዘው ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ፊታቸው በራ፤ መላ አግኝተዋል።

«እሱ አይጻፈው፤ ደንቡ ነው። አንተ በለው፣ ልጄ። እኔ ፊት፣ በአፍህ፣ አላህ ካለ እመለሳለሁ በል። እኔ እሱን ሰምቼ አትማለሁ።»

ከዚህ የቀለለ ነገር የለም። በእኛ አገር ክርስቲያኑም ኢንሻላህ ይላል፤ እኔ ራሴ ውሃ ልቀዳ ስወጣ ሳይቀር እያልኩት ነው ያደግሁት። ጸሐፊው ፈገግ ብሎ ቅጹን ወደ እሳቸው አስጠጋ። እኔ አፌን ከፈትኩ። በኪሴ ያለው ደብዳቤ ደረቴን ነካኝ። የጡት አባቴ ዓይን ዓይኔን እያዩ ይጠብቃሉ፤ ምንም አልጠረጠሩም፣ ከእኔ የፈለጉት ከልጅነቴ ጀምሮ ሲሰሙት የኖሩትን ቃል ብቻ ነው። ለጸሐፊው ቢሆን አሥር ጊዜ እምልለት ነበር። ለእሳቸው ግን ቃሉ አልወጣ አለኝ።

ፊታቸው ላይ የነበረው ብርሃን ቀስ እያለ ሲጠፋ አየሁ። በመጨረሻ ጸሐፊው ሰኞ ተመለሱ ብሎ መዝገቡን ዘጋ። ሰኞ ለእኔ ምንም እንደማይጠቅመኝ ሦስታችንም እናውቅ ነበር።

የጡት አባቴ ውጭ ወጥተው ጣታቸውን ከድንጋዩ ግንብ ላይ ጠረጉ። ቀለሙ ቶሎ አልለቀቀም፣ ደጋግመው ጠረጉት። ከዚያ ዞር ብለው «ምሳ አልበላህም» አሉኝ፤ የሚያውቁት ምግብ ቤት ወስደው፣ እንደ እንግዳ ብሉልኝ ሳይሆን እንደ ልጅ ብላ እያሉ አበሉኝ።

ጓደኞቼ ሄዱ፣ የፋብሪካ ፎቶግራፍ ይዘው ተመለሱ። እኔ ደግሞ ስላልደረስኩበት አገር ኢኮኖሚ ከመጽሐፍ ቃርሜ ጽሑፍ አቀረብኩ፤ መምህሬ ሥጋ የለውም አለኝ። ንዴቴን ሁሉ ወደ መርሳ ላክሁት። አንዲት ቃል አክርረው ያስቀሩኝ እሳቸው ናቸው እያልኩ ዓመት ሙሉ ለሰው አወራሁ፤ ሰውም አብሮኝ ተናደደ።

የጡት አባቴ እስኪሞቱ ድረስ ያን ቀን ለምን ዝም እንዳልኩ አንድም ጊዜ አልጠየቁኝም። ቢጠይቁኝ ኖሮ እቆጣቸው ነበር፣ ወይም አለቅስ ነበር፣ ይወጣልኝ ነበር። እሳቸው ግን በሄድኩ ቁጥር ደጅ ድረስ ሸኝተውኝ «ኢንሻላህ ትመለሳለህ» ይሉኛል፣ እኔም ቶሎ ብዬ አሜን እላለሁ።