ቁጭ የማይባልባት ቤት

እኚህን ሴት በደንብ አውቃቸዋለሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል። ለዓመታት በአንድ ግድግዳ ተከልለን ኖረናል። ጠዋት ሲያስሉ እሰማለሁ፣ እሳቸውም በሬን ስቆልፍ ይሰማሉ፤ ከዚያ ያለፈ ትውውቅ የለንም ማለት ይቻላል። የመኪና ወንበር የሚሰፉ ባለሙያ ናቸው። እኔ እትዬ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው ደግሞ ዝምተኛው ይሉኛል። ስለ እሳቸው ልጽፍ ብዬ የማውቀውን ሰብሰብ ባደርገው፣ አብዛኛው ከመኪና ኋላ ስለምትጎተት አንዲት ተሳቢ ሆኖ አገኘሁት። እንግዲህ ያለኝ እሱ ነው። እትዬ በዚያ ውስጥ ካልታዩ ጥፋቱ ከእኔ ነው።

ሥራ ቤታቸው እዚያው ግቢው ውስጥ ናት። ወፍራም ቆዳ የሚወጋ ትልቅ የስፌት መኪና፣ እስከ ጣሪያ የተከመረ ስፖንጅ፣ በግድግዳው ጥግ የቆሙ የሰው ሠራሽ ቆዳ ጥቅሎች አሏቸው። በሩ ላይ ሁልጊዜ ከመኪና የተነቀለ ወንበር ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል። እትዬ ወንበር ሲመጣላቸው መቀስ ከማንሣታቸው በፊት በመዳፋቸው ይዳብሱታል። ስፖንጁ የት እንደሟሸሸ፣ የት እንደደረቀ ያያሉ። ባለቤቱ ወደ ግራ አዘንብሎ የሚነዳ ይሁን፣ የኋላ ኪሱ ውስጥ ቁልፍ ይዞ የሚቀመጥ ይሁን ከዚያ ይነግሩታል። አንዱን ደንበኛ፣ “ባለቤትህ በሩ ላይ ተለጥፋ ነው የምትቀመጠው፤ ምን አድርገሃት ነው?” ብለውት ሰውየው ለረጅም ጊዜ በዚያ በር አላለፈም።

ባለቤታቸው የረጅም መንገድ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። ጋሼ እላቸዋለሁ። ትልቅ ድምፅ ያላቸው፣ ሰው ካገኙ ጨዋታ የማይጠግቡ ሰው ናቸው። ከትዳር ዘመናቸው ብዙውን ሌሊት ያደሩት ጋቢና ውስጥ፣ ወንበሩን ትንሽ ወደ ኋላ ለቀቅ አድርገው፣ ክንዳቸውን መሪው ላይ ጥለው ነው። ቤት የሚመጡት አልፎ አልፎ ነበር፤ ሲመጡም ግማሹ ቀን መኪናው ሥር ያልቃል። እትዬ አንድ ቀን እንዳጫወቱኝ፣ ሲጋቡ ያሠሩት ሰፊ አልጋ ላይ ከጋሼ ይልቅ የታጠበ ልብስ ብዙ ጊዜ ተኝቶበታል። ይህን ሲሉ እየሳቁ ነበር። እኔ ግን መሳቅ እንዳለብኝ አልገባኝም።

ጋሼ ከሚመላለሱበት መንገድ ላይ አንድ ኩርባ አለ። ከሐይቅ በላይ ነው አሉ፤ መንገዱ ሰፋ ብሎ መኪና የሚያስቆም ቦታ ያለው። ጎህ ሲቀድ ውሃው ከታች እየነጣ ይመጣል። ጋሼ በየጉዞው እዚያ ያድሩ ነበር። እትዬ ስለዚያ ቦታ ከመስማታቸው ብዛት ድንጋዮቹን ሳይቀር ያውቋቸዋል፤ በዓይናቸው ግን አላዩትም። ጋሼ ጡረታ ሲወጡ እትዬ የጠየቁት አንድ ነገር ነው። አንድ ሌሊት እዚያ ኩርባ ላይ፣ ከእሳቸው ጎን ተኝተው ማደር። ሌላ ምንም አላማራቸውም።

እዚያ አካባቢ ማደሪያ ቤት የለም። ድንኳን ደግሞ ጋሼ አይወዱም፤ እባብ ሳያንኳኳ የሚገባበት ቤት አልተኛም ይላሉ። ታዲያ መንገድ ላይ አንድ ጊዜ ያዩዋት አንዲት ትንሽ ተሳቢ ትዝ አለቻቸው። ከፊት ድብልብል ብላ ወደ ኋላ እየሾለች የምትሄድ፣ በጎኗ የተኛች የውሃ ጠብታ የምትመስል ነች። ውስጧ አልጋ ብቻ ነው። ከኋላ ክዳኗ ወደ ላይ ሲነሣ ምድጃና ዕቃ የሚቀመጥበት መደርደሪያ አላት። የእነሱ አሮጌ የቤት መኪናም እንዲህ ያለችውን መጎተት አያቅታትም። እሳቸው እንጨቱን፣ እትዬ ስፌቱን፣ ወዳጃቸው በያጁ ብረቱን ይሠራሉ ተባለና ነገሩ ተጀመረ።

አንድ የእረፍት ቀን ግቢው ውስጥ ሁለት ትልልቅ የኮምፔርሳቶ ጣውላዎች ተጋጥመው መሬት ላይ ተነጥፈው አገኘሁ። ሰላም ብዬ ላልፍ ስል እትዬ ጠሩኝ።

“ና እስቲ አንተ ዝምተኛ። ጸሐፊ ነኝ ትል የለ? እርሳስ መያዝ አያቅትህም።”

ጫማቸውን አውልቀው ሁለቱም ጣውላው ላይ በጀርባቸው ተኙ። የእኔ ሥራ ዙሪያቸውን ማስመር ነው። የአልጋው ልክ የሚወሰደው ከዚያ ነው። በትልልቅ ሰዎች ዙሪያ ተንበርክኬ እርሳስ ስጎትት ከእፍረት ብዛት ጆሮዬ ሁሉ ጋለ። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ “ለቀቅ አድርገህ አስምር። እሷ ስትገላበጥ ቦታ ትፈጃለች” አሉኝ።

“በምን አወቅህ?” አሉ እትዬ፣ እሳቸውም ዓይናቸውን ሳይገልጡ። “መቼ አድረህ አየኸኝ?”

ጋሼ ሳቃቸው መጣና ጣውላው ሁሉ ተንቀጠቀጠ። የእኔም እርሳስ በእትዬ ክርን በኩል ሄዳ ሄዳ ተጣመመች። ላጠፋው ስል እትዬ ከለከሉኝ፤ ወለል ስለሆነ ፍራሽ ይሸፍነዋል አሉ።

ከፍታው ላይ ግን ክርክር ተነሣ። በያጁ ሰው ቁጭ ብሎ ልብሱን የሚለብስበት ያህል ከፍ ትበል አለ። ቀልደኛ ነው በያጁ፤ እንዲያ ዝቅ ካለች ጎረቤቱ ሁሉ ዶሮ ቤት ነው የሚላት ብሎ አስፈራራቸው። ጋሼ ወይ ፍንክች። ዝቅ ስትል ነፋስ አይገፋትም፣ ለመኪናዋም ይቀላታል አሉ። እውነተኛው ምክንያት ግን ቀጥሎ መጣ።

“ዕድሜዬን ሙሉ ቁጭ ብዬ ነው የኖርኩት” አሉ። “ቁጭ ብዬ በላሁ፣ ቁጭ ብዬ አደርኩ። በዚህች ቤት ቁጭ የሚል ሰው የለም። ይተኛባታል፣ በቃ።”

“እኔስ ልብሴን የት ልልበስ?” አሉ እትዬ።

“ተኝተሽ ልበሺያ። ማን ሊያይሽ ነው?”

እትዬ ትንሽ አሰቡና ይሁን አሉ። ደስ ያላቸው መሰለኝ።

ሥራው ከተባለው በላይ ፈጀ። በያጁ ከአሮጌ መኪና የወጣ፣ የመንገድ ንጠት የሚያለዝብ ባሌስትራ ፈልጎ የታችኛውን ብረት በየደ። ጋሼ ሁለቱን ጎኖች እያንዳንዱን ከአንድ ጣውላ ቆረጧቸው፤ መገጣጠሚያ ካላቸው መንገድ ላይ ይላቀቃሉ ብለው። እትዬ ኮላ ይቀባሉ፣ በግድግዳዎቹ መካከል ስስ ስፖንጅ ይጠቀጥቃሉ፤ እኔ ያዝ የተባልኩትን እይዛለሁ። እትዬ የተኛ ሰው የሚያየው ጣሪያ ነው ብለው ውስጡን ክሬም መልክ ባለው ቆዳ፣ በየመሐሉ በአዝራር ጎድጎድ እያደረጉ ሰፉት። እንዲህ ያለ ሥራ ለማንም ደንበኛ ሲሠሩ አላየሁም። ከላይ ስስ ላሜራ ለበሰች። ጎረቤቱም በያጁ እንዳለው ዶሮ ቤት አላት፤ አንዳንዱም በአጥር ላይ ብቅ እያለ እንቁላል ጣለች ወይ ይል ነበር።

ጋሼ በዚያ ወራት መጋዝ ሁለት ሦስት ጊዜ ከሳቡ በኋላ ጣውላ ላይ አረፍ ማለት አመጡ። ዕድሜ ነው ይላሉ። ማታም ቴሌቪዥን እያየሁ እንቅልፍ ጣለኝ እያሉ አልጋ ሳይገቡ ይነጋል። የሚያድሩበት ወንበር የቀድሞ የጭነት መኪናቸው ወንበር ነው፤ ሥራ ሲያቆሙ ለመታሰቢያ አስነቅለው አምጥተውት፣ እትዬ አዲስ ልብስ ሰፍተውለት ሳሎን ተቀምጧል።

የተሳቢዋ ጣሪያ ተመትቶ ካለቀ በኋላ ነው። እትዬ ቤት ሲያጸዱ ያን ወንበር እንደ ልማዳቸው በመዳፋቸው ዳበሱት። እሳቸው ራሳቸው የሞሉት ስፖንጅ ጀርባው ላይ ሟሽሿል፤ የራስ መደገፊያው በአንድ በኩል በላብ ጠቁሯል። ይህን እሳቸው ናቸው የነገሩኝ፣ ያውም በጥቂት ቃል። ሰው ቴሌቪዥን ሲያይ እንዲህ አይሟሽሽም አሉኝ፤ ይህ ከርሞ የታደረበት ነው። ጋሼን ፊት ለፊት ቢጠይቋቸው አልካዱም። በጀርባቸው ሲተኙ ሰው ደረታቸው ላይ የተቀመጠ ያህል ይከብዳቸዋል። ዝናቡ ከገባ ጀምሮ ጋደም ብለው አላደሩም። ለምን እንዳልተናገሩ ሲጠየቁ፣ ሥራው እንዳይቆም ብዬ ነው አሉ።

እትዬ ሐኪም ዘንድ ወሰዷቸው፤ ሐኪሙም ልባቸው ደክሟል አላቸው። ሲተኙ በሰውነታቸው የተጠራቀመው ውሃ ወደ ሳንባ ይመጣል፤ መድኃኒቱ ያስታግሳል እንጂ ወደ ነበሩበት አይመልስም። ቁጭ ብለው ይተኙ አለ። ጋሼም፣ “እሱን እንኳ እችልበታለሁ” አሉ።

እትዬ ግን ወዲያው እጅ አልሰጡም። ከቤት ትራስ አምጥተው ጋሼን ተሳቢዋ ውስጥ አስተኟቸው። እኔ በሯን ይዤ ቆሜያለሁ። በአንድ ትራስ ሳል ያዛቸው። ሁለት ሲሆን ሳሉ ቀነሰ፤ ትንፋሻቸው ግን ቁርጥ ቁርጥ ይል ጀመር፣ ከንፈራቸውም መልኩን ለወጠ። ሦስተኛውን ሲያስገቡላቸው ትንፋሻቸው ተመለሰ፤ ግንባራቸው ግን ያ የተሰፋው ጣሪያ ላይ ገጠመ። እንደዚያው ሆነው ትንሽ ቆዩ።

“ጣሪያሽ ለስላሳ ነው” አሉ ከውስጥ።

ማንም አልሳቀም። እኔና እትዬ በብብታቸው ይዘን አወጣናቸው።

በማግስቱ እትዬ በያጁን ጠርተው ጣሪያዋን ቆርጠን ከፍ እናድርጋት አሉት። በያጁ ዞሮ ዞሮ አያት። ጎኖቿ ወጥ ናቸው፤ ከተቆረጠች ከታች ጀምሮ እንደ አዲስ መሠራት አለባት። ቀልዱ ሁሉ ጠፍቶበት ይህን ቀስ ብሎ አስረዳቸው። እትዬ እንግዲያው ብቻዬን እሠራዋለሁ ብለው መጋዝ ሊያመጡ ተነሡ። ያኔ ጋሼ ከበሩ ሆነው፣ “ተይው” አሉ። “ቁጭ ልል ከሆነ እዚህም ተቀምጫለሁ። ለመቀመጥ ብዬ መንገድ አልወጣም።” እትዬ ሄደው ሥራ ቤታቸው ገቡ። የስፌት መኪናው ድምፅ ግን አልተሰማም።

የሆነው ሆኖ ሄዱ። ማን እንሂድ እንዳለ አላውቅም። ዝናቡ ካቆመ በኋላ አንድ ጠዋት ተሳቢዋ ከመኪናዋ ኋላ ተያይዛ አየሁ። ሐኪሙ ረጅም መንገድ ከልክሎ ነበር፤ ጋሼ ግን መሪውን ለሰው አልሰጡም። እኔና በያጁ ተሳቢዋን እየገፋን ከግቢ አስወጣናት። እትዬ ንጹሕ ልብስ ለብሰው ጋቢና ተቀምጠዋል፤ በእጃቸው ዳቦና የሻይ ፔርሙዝ የያዘ ዘንቢል አለ። በያጁ መስኮቱን አንኳኩቶ፣ “እትዬ፣ ሙሽራ መሰሉ እኮ” አላቸው። “አፍህን ያዝ” አሉት፣ ግን ፈገግ ብለው ነበር። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ፈገግ ሲሉ አላየኋቸውም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ተመለሱ። ጋሼ ሁለት እጃቸውን በሩ ላይ ጥለው ወረዱና ሳሎን ገብተው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። መኪና የነዱት የመጨረሻ ቀን ያ ነው። ልጠይቃቸው ስገባ ዳገቱ ላይ ሞተሩ እንደጋለ፣ የትኛው ድልድይ እንደታደሰ አጫወቱኝ። ሐይቁስ ብላቸው፣ “አለ” አሉ።

ከዚያ ወዲህ ጋሼ እየባሰባቸው ነው። እግራቸው አብጦ ጫማ እምቢ ስላላቸው እትዬ ከቁርጥራጭ ቆዳ ሰፊ ነጠላ ጫማ ሰፍተውላቸዋል። ያ ትልቅ ድምፅ አሁን በግድግዳው በኩል አይመጣም፤ የሚመጣው የቴሌቪዥኑ ነው። ጀርባቸው ሲቆስል ደግሞ እትዬ የተሳቢዋን ፍራሽ አውጥተው ቆርጠው የወንበሩን መደገፊያ ሞሉበት። ጥሩ ስፖንጅ ነው፣ በከንቱ አይቀመጥ አሉ።

ባለፈው ሳምንት የሥራ ቤቱ ጣሪያ ማፍሰስ ስለጀመረ የቆዳ ጥቅሎቹን ወደ ደረቅ ቦታ እንድናዛውር ጠሩኝ። ደረቅ ቦታ ያሉት ተሳቢዋን ነው። በሯን ሲከፍቱ ወለሉን አየሁት። እርሳሴ አልጠፋም፤ ሁለቱ ሰዎች ጎን ለጎን አሉ፣ በክርኑ በኩል የተጣመመውም አለ። እትዬ ጎንበስ ብለው ገቡና ጥቅሎቹን እየተቀበሉኝ በዚያ ላይ ይደረድሯቸው ጀመር። ቁጭ ማለት ስለማይቻል በጉልበታቸው ነው የሚሄዱት፣ አንገታቸውን ሰብረው።

እኔ ሰው መጠየቅ አልችልበትም። ያን ቀን ግን ጀርባቸውን ስለሰጡኝ ነው መሰለኝ ድፍረት አገኘሁ።

“እትዬ፣ ያን ሌሊት ኩርባው ላይ ሁለታችሁ የት አደራችሁ?”

እጃቸው ወለሉ ላይ እንዳለ ቆመ። ዞረው አላዩኝም።

“እሱን አትጠይቀኝ” አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። “ያን ጥቁሩን ጥቅል አቀብለኝ።”

አቀበልኳቸው።