ምስክር የሚለምነው ሰው

ኦኩዲሊ ምን ሠርቶ እንደሚያድር በኢኑጉ ከተማ፣ በአባክፓ ሰፈር፣ በደንብ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ፀጉር አስተካካዩ «ኮምፒውተር ይጠግናል» ይላል። አከራዩ ደግሞ «ነጮችን ያጭበረብራል መሰለኝ፣ ግን ኪራዩን በቀኑ ይከፍላል» ይላል። ለእውነቱ የቀረበችው ታላቅ እህቱ ንዋካኤጎ ነበረች። ጠዋት ጠዋት ኦክፓ የሚባለውን በቅጠል ተጠቅልሎ የሚቀቀል የጥራጥሬ ምግብ ትኩሱን ከሙዝ ቅጠሉ እየፈታች ለደንበኞቿ ስትሰጥ፣ ስለ ወንድሟ ከጠየቋት «ወንድሜማ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ይለምናል» ትልና ራሷ ቀድማ ትስቃለች።

ልመናው እውነት ነው። ሰው በኢንተርኔት አንድ ነገር ሲፈልግ ከዚያ ሁሉ ገጽ መካከል የትኛው ፊት ይቁም? ፍለጋው የሚፈርደው እንደ መንደር ሽማግሌ ነው፤ ሌሎች ስለዚህኛው ምን ይላሉ ብሎ ይጠይቃል። አንድ የተከበረ ገጽ ሌላውን ጠቅሶ ወደዚያ የሚወስድ ሊንክ ካስቀመጠ መሰከረለት ማለት ነው። ምስክር የበዛለት ወደ ላይ ይወጣል። ምስክር ያጣ ደግሞ፣ እውነተኛ እንኳ ቢሆን፣ ማንም በማይደርስበት ሥር ተቀብሮ ይቀራል። ኦኩዲሊ ለጫማ ሻጩም፣ ለሆቴሉም፣ ለጥርስ ሐኪሙም ምስክር ይለምናል። «እባክዎ ይህን ገጽ ይጥቀሱልን» እያለ ለማያውቃቸው ሰዎች ይጽፋል። አብዛኞቹ አይመልሱለትም፣ አንዳንዶቹም ይሰድቡታል። እሱ ግን ስድብ አይከብደውም፤ እህቱ እንደዚያ አድርጋ ነው ያሳደገችው።

አዎ፣ እሷ ናት ያሳደገችው። እናትና አባታቸው በአንድ የመኪና አደጋ ሲያልቁ እሱ የወተት ጥርሱን እየነቀለ ነበር፣ እሷም ብትሆን ገና ልጅ ነበረች። ትምህርቷን ትታ የእናቷን ድስት ወረሰች። የኦክፓውን ዱቄት እያቦካች፣ ሳፋውን በራሷ ተሸክማ እየዞረች እሱን እስከ ኮሌጅ አደረሰችው። ሊያገባት የመጣውን ሰው «ከነወንድሜ ከሆነ» ብላ ብትመልስለት ሰውየው በዚያው ቀረ፤ እሷም አልፈለገችውም። ንዋካኤጎ ማለት በእነሱ ቋንቋ «ልጅ ከገንዘብ ይበልጣል» ማለት ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባል የለ።

በኋላ ስኳር ሲይዛት የመጠበቁ ተራ የእሱ ሆነ። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤቷ ሄዶ እግሯን ጭኑ ላይ ያስቀምጥና በጣቶቿ መካከል ቁስል ይፈልጋል። እንክብሏን መዋጧንም ያያል። «አንተ ፖሊስ፣ መጣህ ደግሞ» ትለዋለች። ሐኪሙ ለብቻው ጠርቶ የነገረው ነገር ከአእምሮው ወጥቶ አያውቅም፤ መድኃኒቱን ካቋረጠች መጀመሪያ እግሯ ይሄዳል፣ ከዚያ እሷ ትከተላለች ነበር ያለው። ኦኩዲሊ በዚህ ዓለም ላይ የሚፈራው ይህንን ብቻ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን አንድ ሰውዬ መጣ። «መራራ ሥር» የሚባል መጠጥ በአረንጓዴ ጠርሙስ እያሸገ ይሸጣል። ገጹ ላይ «ስኳርን ከሥሩ ይነቅላል» ብሎ ጽፏል፤ ሰው ግን አያየውም። ኦኩዲሊ ጽሑፉን ሲያነብ ልቡ ትንሽ ቅር አለው። ግን ሁሉም ሻጭ ያጋንናል፣ ቅጠልና ሥር ደግሞ ማንን ገደለ ብሎ ተወው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ለዚህ ሥራ ደብዳቤ እንደማይበቃ ያውቃል። ከኢኑጉ የተጻፈ ደብዳቤ ሲደርሰው ሁሉም አጭበርባሪ የላከው ይመስለዋል። ስለዚህ የአገሩን በሬ በአገሩ ሰርዶ አለና በባህላቸው ለክብር የሚቀርበውን የኮላ ፍሬ ገዝቶ በእግሩ ዞረ። የጡረተኛ ነርሶች ማኅበር ገጽ ነበረው፤ ሰብሳቢዋ የእናቱ ጓደኛ ናት፣ እሺ አለችው። የቤተ ክርስቲያኑን ገጽ የሚያዘጋጀው አብሮት ያደገ ልጅ ነው፣ እሱም እሺ አለው። የቀረው ትልቁ ነበር፤ የትውልድ መንደሩ የኡሙዳላ ማኅበር። ኡሙዳላ ትንሽ መንደር ናት፣ ልጆቿ ግን በዓለም ላይ የሌሉበት የለም። የማኅበሩን ገጽ የሚያነበውም የሚያምነውም ብዙ ነው።

በአክብሮት «ማዚ» የሚባሉትን የማኅበሩን ጸሐፊ፣ ማዚ ኢሎዲን፣ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው አገኛቸው።

«አንተ የኦኮዬ ልጅ፣ አሁንም ልመና ላይ ነህ?»

«አሁንም ነኝ፣ ማዚ። ዛሬ ደግሞ የመጣሁት እርስዎን ልለምን ነው።»

«ኮላህን ሳላይማ ጆሮዬ አይከፈትም።»

ኮላውን አወጣ። ሽማግሌው ተቀብለው ወደ ሰማይ አነሱት። «ኮላ ያመጣ ሕይወት አመጣ» ብለው መረቁ፣ ቆረሱ፣ ሰጡት። ከዚያ ነገሩን ሰሙና፣ «ይሄ መጠጥህ ሰው አይገድልም?» አሉት።

«ማዚ፣ መራራ ቅጠል እኮ ነው። ማንን ገደለ?»

«እሱስ እውነትህን ነው። ሚስቴ ዕድሜ ልኬን በሾርባ ታበላኛለች፣ ይኸው አለሁ።»

ሁለቱም ሳቁ። ነገሩ ለማኅበሩ ጉባኤ ቀረበ፣ እዚያም ኮላ ተቆረሰበት። የአገር ልጅ የለመነውን ማን ይነፍገዋል? በማኅበሩ ገጽ ላይ «የኡሙዳላ ልጆች የሚያምኑበት መድኃኒት» የሚል መስመር ከነሊንኩ ተቀመጠ። ባለ መጠጡም ውለታ አይረሳም፣ የስብሰባ አዳራሹን ጣሪያ አዲስ ቆርቆሮ አለበሰው።

ብዙም ሳይቆይ መራራ ሥር ከሁሉም ፊት ቆመ። በኢኑጉ ስለ ስኳር መድኃኒት የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ሆነ። ኦኩዲሊ በሥራው እንደዚያ ቀን ኮርቶ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ በአንደኛው እሁድ እህቱ ቤት ሲገባ አረንጓዴውን ጠርሙስ ጠረጴዛዋ ላይ አየው። እንክብሎቿ ባለፈው ሳምንት እንደተዋቸው አሉ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እንደምን አደርሽ አይባልም እንዴ ዛሬ?»

«ዳ ንዋካ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ታላቅነቷን አክብሮ «ዳ» እያለ ነው የሚጠራት።

«መድኃኒት ነዋ! አገኘሁልህ እኮ ዲሊዬ። ስልኬ ላይ ስኳርን የሚያድን ብዬ ብጽፍ መጀመሪያ የመጣው እሱ ነው። ነርሶቹም ጽፈውለታል፣ የቤተ ክርስቲያናችንም ገጽ ላይ አለ። የኡሙዳላን ሳይ ደግሞ በቃ አልኩ። የገዛ ወገኔ ይዋሸኛል?»

አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። መዋሸት ይችል ነበር፣ ግን አልዋሸም፤ ይህን ልንመሰክርለት ይገባል።

«እኔ ነኝ ያስቀደምኩት።»

«ምኑን?»

«ገጹን ነዋ! ሥራዬ እኮ ነው። ለምኜ፣ ሰው አስመስክሬ ፊት ያቆምኩት እኔ ነኝ። መድኃኒት አይደለም፣ ዳ ንዋካ። በእናታችን ይሁንብሽ፣ እንክብልሽን ዋጪ።»

ትኩር ብላ አየችው። ከዚያ ሽርጧ እስኪፈታ ድረስ ሳቀች።

«አንተ? ነርሶቹን አንተ? ቤተ ክርስቲያኑን አንተ? ኡሙዳላን ሙሉ አንተ? አንድ ባልዲ ውሃ ሳታፈስ ከቧንቧ ቤት ማድረስ ያቃተህ ልጅ?»

«አዎ፣ እኔ።»

«እንክብሉ ሆዴን እያቃጠለኝ ነው። ይሄ እንቅልፍ ሰጥቶኛል።» እንባዋን ጠረገች፣ የሳቅ እንባ ነው። «ደግሞስ ዲሊ፣ እነሱ ስንት ሰው ናቸው። አንተ አንድ ነህ።»

ዕድሜውን የኖረበት ሕግ ይህ ነው፤ ብዙ ሰው የመሰከረለት ያሸንፋል።

በማግስቱ የሠራውን ሊያፈርስ ተነሣ። ሐኪሙን ቤቷ ድረስ አመጣላት፤ እሷ ኦክፓ አብልታ ሸኘችው። ነርሶቹ ደንግጠው ሊንኩን ዕለቱን አወረዱ። የቤተ ክርስቲያኑ ጓደኛው እያመነታም ቢሆን አወረደ። ማዚ ኢሎዲ ግን፣ በስብሰባ አዳራሹ ሲያገኛቸው፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ኮላ የተቆረሰበት ነገር ነው ልጄ። በጉባኤ የታሰረውን የሚፈታው ጉባኤ ነው። ለገና ሁሉም ወደ አገሩ ሲገባ ይነሣል።»

«ማዚ፣ እህቴ እየጠጣችው ነው።»

«እኔ እኮ ጸሐፊ ነኝ፣ ምን ላድርግህ? ደግሞ ቀና ብለህ እይ እስቲ፣ በማን ቆርቆሮ ሥር ነው የምንሰበሰበው?»

ያም ሆኖ ገጹ መውረድ ጀመረ። ኦኩዲሊ በየቀኑ ያየዋል። ከፊት ወደ መካከል፣ ከመካከል ወደ ታች ወረደ። ስልኩን ይዞ ወደ እህቱ ሮጠ። «አየሽ? ወርዷል። ሰዎቹ ምስክርነታቸውን አንሥተዋል።»

«ጥሩ ነገር ምቀኛ አያጣም» አለችው።

ከዚያ ወዲህ ጠርሙሱን ዱቄት ውስጥ ትደብቀው ጀመር። እግሯንም ደበቀችው። ብርድ በሌለበት አገር ካልሲ አድርጋ ስትጠብቀው «በርዶኝ ነው» ትለዋለች፣ ልየው ካላት ትቆጣለች። በግድ አውልቆ ባየ ቀን ሽታው ቀድሞ ነገረው። ሆስፒታል ሲያደርሳት እግሯን ቆረጡት። መርዙ ግን ደሟ ውስጥ ገብቷል፣ ቆረጣው ዘግይቶ ነበር።

በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ነቃች።

«ዲሊ።»

«አቤት፣ ዳ ንዋካ።»

«ያን ገጽ... እውነት አንተ ነህ ያስቀደምከው?»

አሁን መዋሸት ፈልጎ ነበር። አንደበቱ እንቢ አለው። «እኔ ነኝ።»

«ነርሶቹንም?»

«እነሱንም።»

«ማዚ ኢሎዲንም?»

«እሳቸውንም።»

እሱ እርግማኑን እየጠበቀ ነበር፤ ብትረግመው ይሻለው ነበር። እሷ ግን እጁን ፈልጋ ያዘችው።

«እኔ እኮ ወንድሜ ለማኝ ነው እያልኩ ስስቅ ውስጤ ያፍር ነበር» አለችው። «ለካ ይሄን ያህል ጎበዝ ነህ።»

በዚያው ሌሊት አረፈች።

ኡሙዳላ ወስደው ቀበሯት። ማዚ ኢሎዲ እያለቀሱ የሕይወት ታሪኳን ጽፈው በማኅበሩ ገጽ ላይ አወጡት። ሳፋዋን በራሷ ተሸክማ የምትስቅበትን ፎቶ ከላይ አደረጉት። ኢኑጉ መጥቶ ሲማር በዱቤ ኦክፓዋን ያልበላ የኡሙዳላ ልጅ አልነበረምና ሐዘኑ ባሕር ተሻገረ። በሌጎስም፣ በሂዩስተንም፣ በጆሃንስበርግም ያሉት ሁሉ በየገጻቸው «እናታችን ነበረች፣ ታሪኳን እዚህ አንብቡ» እያሉ ወደ ማኅበሩ ገጽ የሚወስድ ሊንክ አስቀመጡ። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩትም፣ ጋዜጣ ላይ የሚጽፉትም እንዲሁ አደረጉ። ኦኩዲሊ እያንዳንዱን እያነበበ አለቀሰ። እህቱ ይህን ያህል ሰው እንዳላት አያውቅም ነበር።

ከዚያ ግን የሙያው ዓይን ተገለጠ። ማኅበሩ በዚህ ሁሉ ሰው ሲመሰከርለት የማኅበሩ ቃል ከበፊቱ ይልቅ ይከብዳል። ማኅበሩ ራሱ የመሰከረለትስ? ስልኩን አንሥቶ እህቱ የጻፈቻቸውን ቃላት ጻፈ። መራራ ሥር ከሁሉም ፊት ቆሟል። የማኅበሩን ገጽ ከፈተ፤ ከእህቱ ፎቶ ሥር ያ መስመር እንዳለ አለ።

ኮላ ይዞ ወደ ማዚ ሮጠ። ሽማግሌው አብረውት አለቀሱ፣ ያሉት ግን ያንኑ ነው። «ለገና ልጄ፣ ለገና። እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ።»

ገና ሩቅ ነው። እስከዚያ ስንት ሰው ይጠጣዋል? ሊንኩ የማይነሣ ከሆነ፣ የማኅበሩን ገጽ ያከበሩትን ምስክሮች ማንሣት ብቻ ነው የቀረው። ያንን ሥራ ደግሞ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ቤቱ ተመለሰ፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ መጀመሪያ ሂዩስተን ላለችው ሴት ጻፈ። «እባክዎ፣ ስለ እህቴ ስለ ንዋካኤጎ የጻፉትን ከነሊንኩ ከገጽዎ ያጥፉልኝ» አላት፤ ምክንያቱንም ዘርዝሮ ነገራት።

አብዛኞቹ አልመለሱለትም፣ አንዳንዶቹም ሰደቡት። የሂዩስተኗ ሴት ግን መለሰችለት። ምክንያቱን እስከ መጨረሻው ያነበበችው አይመስልም።

«ሰው የእህቱን ስም ይጥፋ ይላል? አንተ ምን ዓይነት ወንድም ነህ?»

ኦኩዲሊ ደጋግሞ አነበበው። ከዚያ ለሚቀጥለው ሰው መጻፍ ጀመረ።