የጭራሮ ዘር

ልጅ ሳለሁ፣ ጣሊያን አገራችንን በያዘበት ዘመን፣ ቀራንዮ ባለው ቤታችን እንጨት ሳይራገፍ ምድጃ አይገባም ነበር። ቅርንጫፉ ላይ የተጣበቀ ጭራሮ አብሮ እንዳይቃጠል ነው፤ ደረቅ እንጨት የሚመስለውን ያን ቀጭን ነፍሳት እኛ ቤት ጭራሮ እንለው ነበር።

ያኔ አመሻሽ ላይ፣ የባሕር ዛፉ ጭስ ዓይናችንን እየቆጠቆጠ ፍሙ ሲቀላ፣ የእናቴ አባት የረገፉትን በመዳፋቸው ይዘው ወደ ኩራዙ ያስጠጓቸው ነበር። «ይኼ የሣር ነው፣ እንደ ክር የቀጠነ። ይኼ የግራር ነው፣ እሾህ አብቅሏል። ያ ክንፍ አለው፣ ይኼኛው የለውም። መልካቸው ግን ያታልላል፤ ወንዱና ሴቷ እንኳ ባዕድ ይመስላሉ። ዘራቸው የሚለየው በዕንቁላላቸው ነው። እናትየው ጥላው ትሄዳለች፤ ልጁ ግን ማንም ሳያስተምረው ያውቅበታል። ወፍ መጥታ ‹ማነህ?› ስትለው፣ ‹እንጨት› ይላታል። ‹የማን ልጅ ነህ?› ስትለው፣ ንፋስ እንደነካው ቅርንጫፍ ይወዛወዛል እንጂ አይሮጥም» ይሉን ነበር።

አባቴ ያኔ ከአርበኞች ጋር ጫካ ነበር። አንድ ቀን ከእናቴ ጋር ወደ ኮልፌ ገበያ ስንወርድ፣ የጣሊያን ወታደሮች እንጨት ተሸካሚዎችን አስቁመው ሳሉ ደረስን። ከሸክም ሥር ካጎነበሱት የአንዱን አውራ ጣት አወቅሁት፤ ገመዱን የያዘው ጣት ጥፍር አልነበረውም። አባዬ ነበር።

የማን ልጅ እንደሆንኩ ሰው ጠቁሞት ይሁን እንጃ፣ አስተርጓሚያቸው ወደ እኔ መጣ።

«አንቺ፣ አባትሽ እዚህ መሃል የለም?»

«አባቴ ጀግና ነው! እንደ አህያ ሲጫን የት አይተኸዋል?» አልኩት፣ ትልቅ ሰውን «አንተ» ብዬ።

እናቴ ክው አለች። አንዱ ወታደር በጥፊ አጮለኝ። ያ ሸክም ወዝወዝ አለ፤ አባዬ ግን ዞሮ አላየኝም። ተሸካሚዎቹ «ሂዱ!» ተባሉና አለፉ። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።

ዛሬ አርባን አልፌያለሁ። አባቴ ከአፌ የሰማው የመጨረሻ ቃል ያ መሆኑ አሁንም ያንገበግበኛል። ሆኖም ያ አስተርጓሚ ዛሬ ተመልሶ ቢጠይቀኝ፣ ያንኑ ደግሜ እነግረዋለሁ።

ልጆቼ «እማዬ ደግሞ፣ ለነፍሳት!» እያሉ ይስቁብኛል። እኔ ግን እንጨቴን ደጅ ላይ ሳላራግፍ አልማግድም። ትናንት አንድ ጭራሮ፣ ገና ከዕንቁላሉ የወጣ የሚመስል፣ መዳፌ ላይ ወደቀ። በጣቴ ነካሁት። ንፋስ በሌለበት ተወዛወዘ እንጂ አልሮጠም።